ማስተካከያ፦ ስለ አክሱም ሐውልቶችና ስለ ጎንደሩ ፋሲል ግቢ

ለሰሜን ኢትዮጵያ የታሪክ ጉዞ ተመዝጋቢዎች ቀደም ሲል በተሰራጨው መግለጫ፣ ከሮም የተመለሰው ሐውልት ከአክሱም ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ፣ በፋሲል ግቢ የሚገኙት ግንቦችም በሙሉ በዐፄ ፋሲለደስ እንደተሠሩ ተገልጾ ነበር፤ ሁለቱም እንደሚከተለው ተስተካክለው ይነበቡ።

በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰውና በ2008 ዳግም የተተከለው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ቆመው ከሚታዩት የሚበልጠው እሱ በመሆኑ ስህተቱ ከዚህ የመነጨ ይመስላል፤ ትልቁ ግን 33 ሜትር ያህል የሚረዝመውና ወድቆ እንደተሰባበረ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚገኘው ነው። ከመግለጫው ጋር የወጣው ፎቶግራፍም የሁለቱም አይደለም። በግርጌው የበር ቅርጽ ከነመቆለፊያው የተፈለፈለበት፣ በተለምዶ የንጉሥ ኢዛና የሚባለው 21 ሜትር ገደማ የሆነው ሐውልት ነው።

ጎንደርን በተመለከተ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ቆርቁረው የራሳቸውን ግንብ አሠሩ እንጂ ግቢው የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም፤ የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ኋላም ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ሕንፃ ጨምረውበታል። የጥምቀት በዓል የሚከበርበት የፋሲለደስ መዋኛም ከግቢው ቅጥር ውጭ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፣ በመርሃ ግብሩ የራሱ ሰዓት ይያዝለታል።