ከመቶ በላይ ጤና

በቀደም እህቴን አጅቤ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጇ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል፤ ኩፍኝ ሊከተብ ነው። ተራ ስንጠብቅ ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ግራፍ ላይ አረፈ። በአረንጓዴ እስክሪብቶ ተሰምሮ ሽቅብ ይወጣል። የኩፍኝ ክትባት ሽፋን፣ 104 በመቶ።

በሆዴ እልል አልኩ። ሌላው ዓለም መቶ ለመድረስ ይዳክራል፤ እኛ አልፈነው ሄደናል።

«ሲስተር፣ አራቱ ከየት መጡ?» አልኳት። ምንም አልደነገጠችም። «ከጎረቤት ወረዳ» አለችኝ። እዚያ ወረዳ የሚሠራ ወዳጅ ስላለኝ ደወልኩ። እነሱም ከመቶ አልፈዋል። የእነሱ ትርፎችስ? ከጎረቤት የመጡ ናቸው። መደጋገፍ እንዲህ ነው እንጂ! ሁሉም ወረዳ ለሁሉም ሕፃን ያበድራል፣ ማንም አይጎድልበትም።

ምስጢሩ ያለው ከታች፣ ማካፈያው ቁጥር ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ወረዳው ስንት ሕፃን እንዳለው የሚታወቀው ያንን በየዓመቱ እያባዙ፣ እየገመቱ ነው። ያኔ በአንቀልባ ታዝላ የተቆጠረች ልጅ ዛሬ የራሷን ልጅ አዝላ ለክትባት ተሰልፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕድሜ ጠገብ ቁጥር ላይ መቶ አለፈ ብሎ መደንገጥ የአላዋቂ ነው።

ቤት ለቤት ዞሮ የሚጠይቅ ምቀኛም አይጠፋም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጊዜ እናቶችን ጠየቁ፣ የክትባት ካርድ አገላበጡ። ከዚያ ፔንታ የሚባለውን፣ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት እስከ ሦስተኛው ዙር የወሰዱት ሕፃናት 53 በመቶ ናቸው ብለው አረፉት። በዚያው ሰሞን የእኛ ሪፖርት ከ90 በላይ ነበር። ምን ይደረግ፣ እናት ትረሳለች። ሪፖርት አይረሳም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ግን አትንኩብኝ። ያን ሁሉ የጤና አገልግሎት ፓኬጅ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሰው ናት። ቀይ ይዛ ከመጣች ግምገማ፣ አረንጓዴ ይዛ ከመጣች ሰርተፊኬት ይጠብቃታል። ሁለቱም እስክሪብቶ ደግሞ ዋጋው አንድ ነው።

ተራችን ደረሰ። ሲስተሯ ወረፋውን በዓይኗ ቆጠረች፤ ሦስት ልጅ። «ዛሬ ልጆች አልሞሉም» አለች። እውነቷን ነው፤ የኩፍኙ ብልቃጥ የ10 ልጅ ነው። ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለሦስት ልጅ ማን ይከፍታል? ብክነትም እኮ ይመዘገባል፣ እሱም ግራፍ አለው።

እህቴ ግድግዳውን አየች፣ ልጇን አየች። «ሐሙስ ብቅ በይ፣ የኔ እናት» ተባለች።

ሐሙስ ሄድን። በመሃሉ ወሩ ተዘግቶ ሪፖርት ተልኳል፤ ግራፉ 105 ገብቷል። ልጆቹ ግን አሁንም አልሞሉም።