የኢንጆ ውርደት ስግደቱ አልነበረም

የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ የሚያይ ሰው ይቺን ትዕይንት ሳያውቃት አይቀርም። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1637 ነው። የጆሶን፣ ማለትም የያኔዋ ኮሪያ፣ ንጉሥ ኢንጆ ከአንድ ወር በላይ ከተከበበበት ከናምሃንሳንሶንግ ምሽግ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ወርዶ፣ ሳምጆንዶ ላይ ከሰሜን በኩል አገሩን በወረሩት በማንቹዎቹ ንጉሠ ነገሥት በሆንግ ታይጂ ፊት 3 ጊዜ ይንበረከካል፣ 9 ጊዜ ግንባሩን መሬት ያስነካል። ኮሪያውያን ይህን ቀን ዛሬም እንደ ትልቅ ውርደት ያነሱታል።

ለእኔ ውርደቱ እዚያ ላይ አይደለም። ንጉሥ ቢሰግድ ምን ይሆናል? ተነስቶ ቤተ መንግሥቱ ይገባል። ቤታቸው ሳይገቡ የቀሩት ሌሎች ናቸው።

የማንቹ ጦር ሲመለስ ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል ሕዝብ እየነዳ ነው የሄደው። ሚኒስትሩ ቾይ ምዮንግ ጊል 500,000 ሰው ተወሰደ ብሎ ጽፏል። ቁጥሩ ተጋኗል የሚሉ አሉ። ሩቡም ቢሆን ግን የእናት ልቅሶ ያው ነው። ማንቹዎቹ መሬት ነበራቸው፣ የሚያርስላቸው ሰው ግን አነሳቸው። ለወታደሩም ምርኮኛ የድካሙ ዋጋ፣ የግል ንብረቱ ነበር። ከ1627ቱ የመጀመሪያ ወረራ በኋላም ያመለጡ ምርኮኞቻችንን መልሱልን እያሉ ጆሶንን ሲወጥሩ ነው የከረሙት።

በ1637ቱ ውል ነገሩ ቁርጥ ሆነ። ያሉ የሚባለውን የድንበር ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አምልጦ የመጣ ምርኮኛ ተይዞ ለጌታው ይመለስ፤ ዘመድ ያለው ከጌታው ጋር ተስማምቶ ከፍሎ ያስለቅቅ ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው የሚያስደነግጠኝ። ወታደሮቻችን ሕይወታቸውን አስይዘው ያገኟቸው ሰዎች ናቸውና፣ ኋላ ላይ አንጀቴ አልችል አለ፣ አስሬ መላክ አቃተኝ እንዳትል ይላል። ንጉሡ ሊያዝን እንደሚችል አስቀድመው አስበው በሩን ዘግተውበታል።

ከዚያ በማንቹዎቹ ዋና ከተማ በሼንያንግ፣ ከከተማዋ ደቡብ በር ውጭ፣ የሰው ገበያ ቆመ። አባት ልጁን ፍለጋ ብር ቋጥሮ ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል። ሀብታሙ የተጠየቀውን ሲከፍል ዋጋው ይሰቀላል፣ ድሃው እጁን አጣጥፎ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መሀል ልቤን የምታሞቀኝ የአልጋ ወራሹ የሶህዮን ሚስት ልዕልት ካንግ ናት። እዚያው ሼንያንግ ከባሏ ጋር መያዣ ሆና ሳለች፣ በተሰጣቸው መሬት ላይ ምርኮኛ ወገኖቿን እያስለቀቀች እርሻ አቋቋመች። አገሯ ስትመለስ ምን ጠበቃት? አማቷ ኢንጆ በ1646 በመርዝ አስገደላት።

ቤዛ ተከፍሎላቸው የተመለሱ ሴቶችስ? ብዙ ባሎች ረክሳለች ብለው ፊታቸውን አዞሩባቸው። ጃንግ ዩ የሚባል ትልቅ ባለሥልጣን ልጄ ከምርኮ የተመለሰች ሚስቱን ይፍታ ብሎ ለንጉሡ አቤት አለ። ቾይ ተቃወመ። ይህ ከተፈቀደ ሚስቱን የሚያስለቅቅ ይጠፋል፣ ስንቷ በባዕድ አገር ሞታ ትቀራለች ብሎ ተከራከረ። ኢንጆ እሱን ሰማ፣ ፍቺውን ከለከለ። መኳንንቱ ግን ሴቶቹን እየተዉ ሌላ አገቡ።

ኢንጆ ምን አማራጭ ነበረው የሚል ይኖራል። በ1637 አልነበረውም፣ እስማማለሁ። ግን የኋላውን እንይ። አን ቹ ዎን በልጅነቱ ተማርኮ ከ27 ዓመት በኋላ በ1664 አምልጦ አገሩ ገባ። ወላጆቹ ሞተዋል፣ የሚያስጠጋው የለም፣ የሚበላውም የለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደመጣበት ተመለሰ። ሰው ከአገሩ ይልቅ ባርነትን ሲመርጥ፣ ያ አገር ምን ያህል ጨክኖበት ነው?

ሌላው አን ዳን ነው። ከ35 ዓመት በላይ በባርነት ኖሮ፣ በ1670ዎቹ፣ የማንቹዎቹ መንግሥት ቺንግ ደቡብ ቻይና ላይ በአመፅ ተወጥራ ሳለች አመለጠ። ጠረፍ ላይ ያለችው ኡይጁ ደረሰ። የገዛ አገሩን መሬት ረገጠ፣ የገዛ ቋንቋውን ሰማ። የከተማዋ ሹም ግን አስሮ ለቺንግ አስረከበው። ሲወስዱት ይጮህ ነበር አሉ፤ የአገር ናፍቆት እያረጁ ሲሄዱ እንደሚብስ፣ እነሱ ግን ወደ ሞት እየገፉት እንደሆነ።

ኮሪያውያን ስለ ውርደት ሲያወሩ ከሳምጆንዶው ስግደት በፊት ይህን የኡይጁን ጩኸት ቢያነሱ ደስ ይለኛል።