ታንኳ የሚቀዝፈው ሕፃን

የክርክሩ ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍሎች፣ የተኙ ሕፃናት ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን እየተለካ ነጥብ የሚደመርበት የማስጠንቀቂያ ቅጽ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን? ይሁን የሚሉት የሕፃናት ሐኪም ናቸው። አይሁን የሚሉት ደግሞ በሕፃናት ክፍል ብዙ ሌሊት ያደሩ ነርስ ናቸው።

ሐኪሙ፦

ሕፃን ሲብስበት ቶሎ አያስታውቅም። ሰውነቱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አስሩጦ የደም ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይይዛል። ግፊቱ ወረደ በተባለበት ሰዓት ጊዜው አልፏል። ከዚያ በፊት ለሰዓታት ሲናገሩ የቆዩት ትንፋሹና የልብ ምቱ ናቸው። የጠዋቷ ነርስ መዝግባለች፣ የማታዋም መዝግባለች፤ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ግን የለም።

ቅጹ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የ9 ወር ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ ለ3 ዓመት ልጅ ወሰኑ 40 ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ የሚታገላት ነርስ ይህን ሁሉ በቃሏ እንድትይዝ ለምን እንጠብቃለን? ነጥቡ ከተወሰነው ካለፈ ተረኛ ሐኪም ይጠራል፤ አበቃ። «ብቀሰቅሰው ይቆጣኝ ይሆን?» ብላ አታመነታም። ሳንደባበቅ እንነጋገር ከተባለ በእኛ አገር ሐኪምን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ድፍረት ይጠይቃል።

ነርሷ፦

ዶክተር፣ የመቀስቀሱን ነገር ራስዎ በማንሳትዎ አመሰግናለሁ። ስንት ጊዜ እንደተቆጡኝ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

አንድ ሌሊት ልንገርዎ። ከዘጌ በጀልባ የመጣ የ9 ወር ልጅ የሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል። የሚያስታምሙት አያቱ ናቸው። ተራዬን ስረከብ የተለመደውን የመመዝገቢያ ወረቀት አየሁት፤ ትንፋሽ 36፣ ከ4 ሰዓት በኋላ 36፣ ቀጥሎም 36። እፎይ ብዬ ወደ ሌላው አልጋ ልሄድ ስል አያትየው ነጠላቸውን እያጠበቁ መጡና «ልጄ፣ ይህ ልጅ ታንኳ እየቀዘፈ ነው» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ከጎድን አጥንቶቹ ሥር ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫው ይከፈታል፣ ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ይነቀነቃል። እውነትም ከጣና ማዕበል ጋር የሚታገል ቀዛፊ ይመስላል። ሰዓቴን ይዤ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 68። ኦክስጅን ተደረገለት፣ ተረኛው ሐኪም ተጠራ፣ ልጁ ተረፈ። ያን ዕለት ጠዋት ሐኪሞቹ አልጋ በአልጋ ሲዞሩ ግን እኒያ አያት «አስታማሚ ይውጣ» ተብለው በር ላይ ቆመው ነበር።

በዚያ ወረቀት ላይ ነጥብ ቢደመርበት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? 36 ሦስት ጊዜ ቢጻፍም ነጥቡ ዜሮ ነው፤ አያትየው ሲጨነቁ ደግሞ «ነጥቡ ደህና ነው» ብለን እንመልሳቸዋለን። 36 የተጻፈው ጓደኛዬ ሰነፍ ሆና አይደለም። ሕፃናቱ 30፣ እኛ 2 ነን። አንዱን በአግባቡ ለመለካት 5 ደቂቃ ቢወስድ ሁሉንም ማዳረስ የ150 ደቂቃ ሥራ ነው፤ መድኃኒቱ፣ ግሉኮሱ፣ የደም ሥሩ የጠፋው ልጅ ሳይቆጠር።

በጥናት እንሂድ ካሉም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ትልቁ ሙከራ በ7 አገሮች፣ በ21 ሆስፒታሎች ተካሂዶ፣ ከ144,000 በላይ ታክመው የወጡ ሕሙማንን ይዞ፣ ቅጹ ሞትን አልቀነሰም ብሏል።

ሐኪሙ፦

ሲስተር፣ የሙከራውን ግማሽ ነው የነገሩን። አገሮቹ ቤልጂየም፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ጣሊያን፣ ኔዘርላንድስና ኒውዚላንድ ናቸው። ከአፍሪካ አንድም የለበትም። ቀድሞውንም ጥቂት ሕፃን በሚሞትበት ሆስፒታል ሞትን ከዚያ በታች ማውረድ ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ እጅግ ከተዳከሙ በኋላ ዘግይተው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት ቁጥር ቀንሷል።

150 ደቂቃውን አልክድም። ነገር ግን ሁሉንም እኩል መለካቱ ነው ያደከማችሁ። ነጥቡ የትኛው ልጅ በየሰዓቱ እንደሚታይ፣ የትኛው ተኝቶ ቢያድር እንደማይጎዳ ይለይላችኋል።

አያትየውን በተመለከተ፣ ያ ልጅ ደፋርና አንደበተ ርቱዕ አያት ስለነበሩት ዳነ። አያት የሌለውስ? እናቱ ገና 17 ዓመቷ፣ ልጁ የመጀመሪያዋ፣ ነጭ ጋዋን ስታይ አንገቷን የምትደፋ ብትሆንስ? ለእሷ ማን ይናገርላት?

ነርሷ፦

እዚህ ላይ ይዘውኛል። ያችን እናት አውቃታለሁ፤ እሷን የመሰለች እናት ክፍላችን የማትገባበት ሳምንት የለም። ዝም የምትለው ግን ስለማታይ አይደለም፤ ስናወጣትና ስንገላምጣት ዝም ማለትን ተምራ ነው። በእንግሊዝ አገር ማርታ ሚልስ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞተች። ወላጆቿ ሥጋታቸውን ተናግረው ሰሚ አላገኙም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቤተሰብ ራሱ ሌላ የሐኪሞች ቡድን ታማሚውን እንዲያይለት የሚጠይቅበት «የማርታ ደንብ» በዚያው አገር ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። ማሽንም ቁጥርም ሞልቷቸው የጎደላቸው ይህ ነበር።

ሐኪሙ፦

እንግሊዞቹ እኮ ቅጹን አልጣሉትም። በእነርሱ ቅጽ ላይ የወላጅ ሥጋት የራሱ ቦታ አለው።

ነርሷ፦

እንግዲያው ያ ረድፍ ከሁሉም በላይ ይሁን፣ ከትንፋሽም በፊት። እናትየዋ «ልጄ ተለወጠብኝ» ካለች ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንም እደውልልዎታለሁ፤ እርስዎም ይነሳሉ። ይህን ይፈርሙልኝና ቅጹን እሞላለሁ። ደግሞ ለክፍሉ ሰዓት ይግዙልን። የግድግዳው ከቆመ ቆይቷል፤ ያን 68 የቆጠርኩት በራሴ የእጅ ሰዓት ነው።