ከማዕዱ ወዲያ ያለው አገር

በቅርቡ ከአንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ ጋር ስንጨዋወት በአንድ ነገር ሳንስማማ ተለያየን። የእርሱ ክርክር ግልጽ ነው፤ ባማሩ የከተማ ሬስቶራንቶች ለእራት የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ቢቀመጥ በዓመቱ የአውሮፕላን ትኬት ይገዛል፤ ስለዚህ ዓለምን ማየት የሚሻ ሰው ከአንዱ ሬስቶራንት ወደ ሌላው ከመዞር ሻንጣውን ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። ሒሳቡን አልተቃወምኩም። ያልተቀበልኩት እራቱንና ጉዞውን እንደ ባላንጣ ማየቱን ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ከልቤ ከተመኘኋቸው ጉዞዎች አብዛኞቹ የተጠነሰሱት በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

ሁለቱ ሲጀመርም የተጣሉ አልነበሩም። ዛሬ የየአገሩ ሼፎች ኮከቡን የሚመኙት የሚሽሊን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1900 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም በምግብ ጥበብ ላይ ለመፍረድ ታስቦ አልነበረም። አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን የተባሉት ወንድማማቾች ጎማ አምራቾች ነበሩ፤ በወቅቱ በፈረንሳይ የነበሩት ጥቂት ባለመኪናዎች አዘውትረው እንዲጓዙ፣ ጎማቸውም ቶሎ እንዲያልቅ ስለፈለጉ መኪና የሚጠገንበትን፣ ነዳጅ የሚገኝበትንና የሚታደርበትን ስፍራ ዘርዝረው በነጻ አደሉት። ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት የጀመሩት በ1926 ሲሆን፣ በ1936 ይፋ ባደረጉት ትርጉም መሠረት ሁለት ኮከብ ያለው ቤት መንገድ አሳብሮ ሊጎበኙት የሚገባ፣ ሦስት ኮከብ ያለው ደግሞ ለእርሱ ሲባል ብቻ ጉዞ ሊደረግለት የሚገባ ነው። ለአንድ ምግብ ቤት የሚሰጠው ከፍተኛው ማዕረግ በመንገድ መሰፈሩን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የእኔ ታሪክ የጀመረው በአንድ ምሽት ነው። ሬስቶራንቱ መብራቱ ለዘብ ያለ፣ ጠረጴዛዎቹ ተራርቀው የተቀመጡ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነጋገርበት ቤት ነበር። ያዘዝኩት ሴቪቼ የተባለውን የፔሩ ምግብ ነው። ጥሬ ዓሣ ተቆራርጦ በሎሚ ጭማቂ፣ በጨው፣ በቃሪያና በስሱ በተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ይለወሳል፤ እሳት ሳይነካው የሎሚው ኮምጣጣነት ብቻ የዓሣውን ሥጋ ነጭና ጠንከር ያለ ያደርገዋል። ከጎኑ ቁራጭ ስኳር ድንችና ፍሬው ትልልቅ የሆነ በቆሎ ነበረ። ሰሐኑን ያመጣችው አስተናጋጅ «ከሥር የሚቀረውን ጭማቂ እንዳይተዉት፤ አገሬው የነብር ወተት ይለዋል» አለችኝ። ስሙ ገርሞኝ ጥያቄ ሳበዛባት፣ ዓሣው ድሮ በሎሚ ውስጥ ለሰዓታት ይዘፈዘፍ እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆየው ጃፓናውያን ፔሩ ገብተው የአበላሉን ልማድ ስለለወጡት እንደሆነ አስረዳችኝ። ጃፓንና ፔሩ በአንድ ሰሐን ላይ ምን አገናኛቸው?

ያን ሌሊት ካርታ ዘርግቼ ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሳኩራ ማሩ የተባለች መርከብ 790 ጃፓናውያንን አሳፍራ የፔሩ ካያኦ ወደብ ደርሳለች። ሰዎቹ የመጡት በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ በውል ሊሠሩ ነበር፤ ከእነርሱና ተከትለዋቸው ከመጡት መካከል ብዙዎች ወደ ዋና ከተማዋ ሊማ ገብተው ንግድ ጀመሩ፣ ምግብ ቤትም ከፈቱ። ትኩስ ዓሣን ጣዕሙ ሳይደበዝዝ የመብላት ልማዳቸው ከአገሩ ሎሚና ቃሪያ ጋር ተጋብቶ ዛሬ ኒኬይ የሚባለው የምግብ አሠራር ተወለደ። ከእነርሱ ቀድመው፣ ከ1849 ጀምሮ፣ በተመሳሳይ መንገድ የመጡት ቻይናውያንም ቺፋ የሚባሉትን ምግብ ቤቶች ለአገሩ አውርሰዋል። ዓሣው ራሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ዳርቻውን እየታከከ የሚያልፈው የሁምቦልት ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ በረከት ነው፤ የፔሩን የባሕር ጠረፍ ከዓለም እጅግ ዓሣ ከሚታፈስባቸው አካባቢዎች አንዱ ያደረገው ይኸው ሞገድ ነው። በ2023 ዩኔስኮ የሴቪቼን አሠራርና አበላል ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። እስከዚያ ምሽት ድረስ ፔሩ ሲባል በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣ የነበረው ማቹ ፒቹ የተባለው ጥንታዊ የተራራ ከተማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደቡን፣ የዓሣ ገበያውንና የእነዚያን ስደተኞች የልጅ ልጆች ማየት የምመኝ ሰው ሆንኩ።

ያችን አስተናጋጅ ባላገኝ ኖሮ ጥሩ እራት በልቼ እወጣ ነበር፤ ሌላ ምንም አይከተልም። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። በየከተማው የሚከፈቱት ዘመናዊ ሬስቶራንቶች አብዛኞቹ መልካቸው አንድ ነው፤ ያልተለሰነ የጡብ ግድግዳ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ አምፖል፣ በአንዱ ጥግ ለፎቶ የተዘጋጀ አበባና የኒዮን ጽሑፍ። ሜኑው ላይ ሱሺ፣ ፓስታና በርገር ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ የትኛውም ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። ዓይንን ማስደሰት ነውር አይደለም፤ መብራቱን፣ ሰሐኑንና የጠረጴዛውን ልብስ አስቦ ያዘጋጀ ሰው እንግዳውን አክብሯል። ነገር ግን ያ ሁሉ ድካም ግድግዳው ላይ ከቀረ፣ ተመጋቢው የሚያውቀውን ክፍል ዳግም አይቶ ይመለሳል እንጂ ስለ አንድም አገር የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም።

ሌላም መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እዚያው ሊማ ውስጥ ቪርሂሊዮ ማርቲኔስና ፒያ ሊዮን የሚመሩት ሴንትራል የተባለው ሬስቶራንት አለ። ምግቡን የሚያቀርበው በከፍታ ነው፤ አንዱ ሰሐን ከባሕር ወለል በታች የተገኘውን፣ ሌላው ከአማዞን ደን፣ ሌላው ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው የአንዲስ ተራራ የመጣውን ይዞ ይቀርባል፤ ከፍታውም በሜትር ተጽፎ ይታያል። እራቱን የጨረሰ ሰው አገሩን ከታች እስከ ላይ ወጥቶታል ማለት ይቻላል። ሬስቶራንቱ በ2023 ከዓለም 50 ምርጥ ሬስቶራንቶች ዝርዝር አንደኛ ሲሆን የከበረው የአንድ ሼፍ እጅ ብቻ አልነበረም፤ ከዋና ከተማው ርቆ ደጋ ላይ ድንችና በቆሎ የሚያበቅለውም ገበሬ ነው። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ኖማ የተባለው ሬስቶራንት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የአካባቢውን ቅጠልና የባሕር አረም በክብር ሲያቀርብ፣ በ2004ም 12 ሼፎች የሰሜን አውሮፓን ምግብ ከገዛ አፈሩና ከወቅቱ ለማብሰል በጽሑፍ ቃል ሲገቡ፣ ቀድሞ ለመብል ሲል ወደዚያ እሄዳለሁ ብሎ የማያስበው ተጓዥ ጠረጴዛ ለማስያዝ ወራት መጠበቅ ጀመረ።

መንግሥታትም ነገሩን ተረድተውታል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 የታይ ሬስቶራንቶችን በውጭ አገራት ለማብዛት በይፋ ዕቅድ ነድፋ ተነሣች፤ ከምክንያቶቹ አንዱም ምግቧን የቀመሰ ሰው አንድ ቀን ጎብኚ ሆኖ ይመጣል የሚል ነበር።

ተመጋቢውም ድርሻ አለበት ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን ሰሐኑ ሲቀርብ መጀመሪያ ስልካችንን እናወጣለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ የተነሡት ፎቶዎች ግን አንድ ጉዞ እንኳ አልወለዱልኝም። የወለዱልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ይህ የየትኛው አውራጃ ምግብ ነው? በየትኛው ወር ይደርሳል? እዚያ ሲሆን ማን ነው የሚበላው? የወሩ ጥያቄ በተለይ የጉዞ ዕቅድን ከሥሩ ይለውጣል። የጀርመን ነጭ አስፓራገስ የሚታጨደው በጸደይ ሲሆን በልማድ ሰኔ 24 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያበቃል፤ በጣሊያን የአልባ ከተማ ነጭ ትራፍል የተባለው ከመሬት ሥር የሚበቅል እንጉዳይ ደግሞ በመጸው ከመሬት ይወጣል። ይህን ከአስተናጋጁ የሰማ ሰው የዕረፍት ጊዜውን የሚወስነው እንደ ሌላው ጎብኚ ሙቀትና ርካሽ ትኬት እያየ ብቻ አይሆንም።

ወዳጄ የመለሰልኝ መልስ ቀላል እንዳልነበረ መደበቅ አልሻም። «ከተማ ላይ የሚቀርብልህ ምግብ ከአገሩ የተነቀለ ነው፤ በእርሱ ተመርተህ ብትሄድ የምታገኘው ሌላ ነገር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ሴቪቼውን የበላሁት በምሽት፣ በደበዘዘ መብራት፣ ከወይን ጠጅ ጋር ነበር፤ በሊማ ግን ሴቪቼ በተለምዶ የምሳ ምግብ ነው፤ ዓሣው በጠዋት ከባሕር ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ መበላት ስላለበት ብዙዎቹ የሴቪቼ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። ይህን ሳውቅ ተታለልኩ የሚል ስሜት አላደረብኝም። ያ ምሽት ያጎደለብኝ ነገር የት እንዳለ አወቅኩ እንጂ፤ ስለዚህ የጉዞ ሐሳቤን በምይዝበት ደብተር ላይ ከሴቪቼ ስም አጠገብ «ሊማ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት» ብዬ ጽፌያለሁ።