ከምክሩ በፊት ማድ ቤቱን እዩ

ባለፈው ሰሞን ተክለሃይማኖት አካባቢ ቡና ተጠርቼ ነበር። ግቢው የቀበሌ ቤት ነው። አምስት ቤተሰብ አንድ ማድ ቤት ይጋራል። ረከቦቱ ጎን አንድ የታጠፈ ወረቀት አየሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠዋት ቤት ለቤት ስትዞር የሰጠቻቸው ነው። ዘይት ቀንሱ፣ ጨው ቀንሱ፣ ስኳር ቀንሱ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትሩ ይላል።

"አነበቡት?" አልኳቸው የቤቱን እናት።

"ምኑን አነበዋለሁ ልጄ፣ በቃሌ ነው የማውቀው" አሉኝ ሲኒውን እያለቀለቁ።

እውነታቸውን ነው። ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው። እሳቸው የግፊት ክኒን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ጨውና ስለ ዘይት ከሐኪም ያልሰሙት ነገር የለም።

ሽሮው እንዳያርርባቸው ተነሡ። እኔም ተከትያቸው ማድ ቤት ገባሁ። ሌሊቱ ብርድ ስለነበር ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት ግማሹ ረግቷል። ከሸማቾች ሱቅ ወረፋ ጠብቀው ያመጡት ነው። ከከሰሉ አስጠግተው አሟሟቁትና ድስቱ ላይ አዘነበሉት። በማንኪያ አይለኩም። ልኩን የሚያውቀው እጃቸው ነው።

"የማይረጋውን ልግዛ ብል ሌላውን አስቤዛ ልተወው ነው" አሉኝ። "ደግሞ ዘይቱ ከላይ ካልታየ ልጆቹ ወጥ ነው አይሉትም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ንግግራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሴትየዋ የጎደላቸው ምክር አይደለም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከያዘው ቅባት ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይመከረው ዓይነት ነው። እሳቸውም በራሳቸው አነጋገር ያውቁታል። "ይሄ እኮ ደም ሥር ውስጥም ይረጋል" ብለውኛል። የሚገዙት ግን አቅማቸው የሚችለውን ነው። የሚያበስሉት ደግሞ ቤተሰቡ የሚወደውን ነው።

ጤናማ አመጋገብን እናስፋፋ የሚሉ ብዙ ሥራዎች ግን ሰዉ አያውቅም ከሚል ግምት ይነሣሉ። ስለዚህ ግንዛቤ ይፈጠርለት ይባላል። ስብሰባ ይጠራል፣ በራሪ ወረቀት ይበተናል። ከዓመት በኋላ ለውጥ ሲጠፋ "ማኅበረሰቡ አልተቀበለውም" ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል። ማኅበረሰቡ መች ተጠየቀና?

የአንድን ማኅበረሰብ ዝግጁነት አስቀድሞ የመለካት ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለአልኮልና ለአደንዛዥ ዕፅ መከላከል ነበር። ኋላ ላይ ለአመጋገብና ለውፍረትም ዋለ። አንድ ማኅበረሰብ "ችግር መኖሩን ጭራሽ አያውቅም" ከሚለው ተነሥቶ "ሥራውን የራሱ አድርጎ ይዞታል" እስከሚለው ድረስ ዘጠኝ ደረጃ አለው። ሰፈሩን አብጠርጥረው የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ይመረጡና ሰፋ ያለ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል። የሚጠየቀው ዕውቀት ብቻ አይደለም። እስካሁን ምን ተሞክሯል? ሰዉስ መሞከሩን ሰምቷል? ቃላቸው የሚሰማ ሰዎች ምን ይላሉ? የሰፈሩ ስሜት እንዴት ነው? ገንዘብ፣ ጊዜና ቦታስ አለ? ሥራው የሚቀረጸው ከዚህ በኋላ ነው። "ይሄ የሌላ ሰው ችግር ነው" የሚል ሰፈር ላይ ትልቅ ዘመቻ አይጫንም። ችግሩን አውቆ አቅም ያጣ ሰፈርም እንደገና ስለ ችግሩ ትምህርት አይሰጠውም።

እኔ የመሃል አዲስ አበባን ሰፈሮች፣ ልደታን፣ ጎላን፣ ጨርቆስን በዚህ ሚዛን ስመዝናቸው በዕውቀት ብዙ ርቀት ሄደዋል። የቀሩት በአቅምና በመሪ ነው። ስሜቱ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ቡናው ላይ "ጤናማ ምግብ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል?" ብዬ ነበር። አንዷ "የበሽተኛ ምግብ" አለች። ሌላዋ "ሐኪም ሥጋ ሲከለክል የሚበላ" አለች። ጎመን በጤና እያልን እንግዳ ሲመጣ ጎመን ማቅረብ የምናፍር ሰዎች ነን።

ጾም ሲገባ ግን ይሄ እፍረት ይጠፋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ያለው ምግብ ቤት ሁሉ በየዓይነቱ ያቀርባል። ጎመን፣ ምስር፣ ክክ፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ በጤፍ እንጀራ። ማንም የበሽተኛ ምግብ አይለውም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ጤናማው ማዕድ ከውጭ መምጣት የለበትም፣ እዚሁ አለ። ጉድለቱ የጾም ወጥ ዘይት መውደዱ ነው። በረመዳንም አፍጥር ላይ ቴምሩ ይቀድማል፣ በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ ይከተላል። እነዚህን ወቅቶች ያላገናዘበ የአመጋገብ ሥራ ግማሹን ዓመት ሳያይ ያልፋል።

ጨውም እንደዚሁ ነው። በመጋቢት 2014 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ 11 መልእክቶች አሉት። ከእነሱ አንዱ ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ይመክራል። መመሪያው ከራሳችን ምግብ በመነሣቱ ደስ ይለኛል። ግን ብዙ ቤት ውስጥ ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ድስቱ ላይ ደግሞ ይጨመራል። ቁጠባው መጀመር ያለበት እህሉ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው። ይሄን የሚያውቁት በርበሬ የሚያዘጋጁት እናቶች ናቸው። እነሱን ሳትይዝ የሻይ ማንኪያ ብትቆጥር ዋጋ የለውም።

ወደ አትክልቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ጎልማሳ ከ95 በላይ የሚሆነው በቂ አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 400 ግራም ይላል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በኮሮና ጊዜ፣ በ2012፣ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። መጨናነቁን አውቃለሁ፣ ጭቃውንም አልናፍቅም። ግን የመሃል ከተማ እናት በእግሯ ሄዳ በጅምላ ዋጋ የምትገዛበት ቦታ ከእጇ ወጣ። አሁን የቀሯት ጉሊትና የእሑድ ገበያ ናቸው።

ከልደታ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የጉሊት ነጋዴ አለች። አመሻሽ ላይ ጎመን ከትፋ በፌስታል ትሸጣለች። ቢላዋ እጇ ላይ እንደ መቀስ ይሄዳል፣ ዓይኗ ግን ደንበኛ ላይ ነው። "ከሥራ የሚመጡት ናቸው የሚወስዱት" አለችኝ። "መክተፍ ስለሚሰለቻቸው ነው እንጂ ጎመን ጠልተው አይደለም።" ከስብሰባ አዳራሽ ያልሰማሁትን ከእሷ ሰማሁ። ለሠራተኛዋ ሴት ችግሩ ጊዜ ነው። ይህችን ነጋዴ ንጹሕ ውኃ፣ ጥላና የማያስባርር ቦታ ብትሰጧት የስንት ቤት እራት ይቀየራል! አጠገቧ ደግሞ እርጥብ የሚሸጥ ልጅ አለ። ዳቦ ውስጥ ድንች ጥብስና ዳጣ። ተማሪዎቹ የሚሰለፉት እሱ ጋ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል። እርጥብ አትብሉ ማለት ቀላል ነው። በዚያ ዋጋ ሌላ ምን ይብሉ?

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ሥር የያዘው ለዚህ ይመስለኛል። ትምህርት ሳይሆን ቁርስና ምሳ ይዞ መጣ። የሰፈር እናቶችም አብሳይ ሆነው ገቡበት።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ሰው ተነሥቷል። ጎረቤት ተበትኗል፣ ዕድሩም አብሮ ተበትኗል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሰበሰበ መረጃ ይዞ "የአራዳ ማኅበረሰብ" ማለት አይቻልም። ሰዉ እዚያ የለም። የተረፉት ሰፈሮች ላይም "ነገ እንነሣ ይሆን" የሚል ስጋት አለ። ስጋት ላይ ያለ ሰው የጓሮ አትክልት አይተክልም። ዝግጁነትን የሚለካ ሁሉ ይሄን ካልጠየቀ የለካው ነገር የለም።

ታዲያ መሪው ከየት ይምጣ? የእኔ መልስ ዕድር ነው። ዕድር ድንኳን፣ ድስትና ገንዘብ አለው። ከሁሉ በላይ ቃሉ ይሰማል። ቡናው ላይ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ነበሩ። ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ምግብ ወጪው እየከበደ ሲመጣ ደንባቸውን አሻሽለው ሥጋ ወጥ ማስቀረታቸውን ነገሩኝ። ንፍሮ፣ ሽሮና ምስር ብቻ ሆነ።

"ሰዉ አልተቆጣም?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ትንሽ አጉረመረመ። ግን እኮ ራሱ እጁን አውጥቶ ነው የወሰነው።"

የሰፈሩን ድስት በአንድ ስብሰባ የቀየረ አካል እዚህ አለ። ስለ ጤናማ አመጋገብ ያነጋገራቸው ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድም ሰው መጥቶ አያውቅም።

የቤቱ እናት ሦስተኛውን እየቀዱ ጣልቃ ገቡ። "እንግዲያው ዕድሩ የማይረጋውን ዘይት ለምን በጅምላ አያመጣልንም? ከመዋጮው ላይ ቀስ እያልን እንከፍላለን።" ዳኛው ዝም ብለው ቆዩ። ከኪሳቸው ትንሿን ደብተር አወጡና ለእሑዱ ስብሰባ ከተያዙት አጀንዳዎች ሥር "ዘይት" ብለው ጻፉ።