ካርቱን አፍ አያስፈታም

እህቴ፣ «በአዳማ የቀትር ፀሐይ ልጄን ውጭ አላወጣውም፤ ቤት ውስጥ ካርቱን ከከፈትኩለት ቶሎ አፉን ይፈታል» ያልሽው ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። ግን ልክ አይደለም። ልጅ «ው» ብሎ ወደ ጆጉ ሲጠቁም «ውሃ ፈለግህ?» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ካርቱኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም። ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ውድ መጫወቻም አያስፈልግሽም። ሰፌድ ላይ ድንች አፍስሺለት። አንድ በአንድ ድስት ውስጥ ይከታል፣ ይገለብጠዋል፣ እንደገና ይለቅማል። አንቺ ሽንኩርትሽን እየከተፍሽ «ትልቁን አምጣልኝ» በይው። ሽምብራና ባቄላ ግን አደራ፣ ያንቁታል። በሳፋ ውሃ ከሰጠሽውም ለአፍታ እንኳን ከአጠገቡ አትራቂ።