ሳሉም ክትባት አለው፣ የበር ውሻችንስ ካርድ አለው ወይ?

እዚህ ሜሪላንድ ጉዞ ኖሮብህ ውሻህን ቦርዲንግ (የውሻ ማቆያ) ልታስገባ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ የክትባት ወረቀቱን ነው። የእብድ ውሻ በሽታው ክትባት ብቻ አይበቃም፣ አብዛኛው ቦታ ቦርዴቴላ የሚሉትን የውሻ ሳል ክትባት ካልተከተበ አያስገቡትም። ባክቴሪያው ልጆችን ትክትክ የሚያሲዘው ባክቴሪያ ዘመድ ነው፣ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ አንድ የሚያስል ውሻ ከገባ ሌሎቹም ተከትለው ማሳል ነው። ክትባቱን ብዙ ጊዜ አፍንጫው ውስጥ ጠብ ያደርጉለታል፣ ያስነጥሳል አለቀ። በዓመት አንዴ ነው፣ በየ6 ወሩ የሚሉም አሉ። ሳሉን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም ግን ያቀለዋል።

በቀደም አራት ኪሎ አክስቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። ቡቺ የሚባል ውሻ አላቸው፣ ቀን ይታሰራል ማታ ይፈታል፣ በር ሲከፈት ሾልኮ ከሰፈር ውሾች ጋር ያድራል። አንድ ቀን ጠዋት አንገቱን አስግጎ ደረቅ ሳል ያስል ጀመር፣ መጨረሻ ላይ ነጭ አረፋ ይተፋል። አክስቴ ዘበኛውን "አጥንት ተቀርቅሮበት ነው፣ እስቲ እየው" አለችው፣ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ አፉን ሊከፍት ሲል ጮህኩ። "ምን ሆንክ አንተ፣ የራሳችን ውሻ እኮ ነው!" አለችኝ።

የራሳችን መሆኑ ምን ያደርጋል። ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ ይመስለናል፣ ግን ዝም የሚልም አለ፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ላየው ሰው አጥንት ያነቀው ነው የሚመስለው። ቫይረሱ ያለው ደሞ ለሃጩ ውስጥ ነው፣ እጅህ ላይ ጭረት ካለ በዛ ይገባል፣ ምልክቱ ከታየብህ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ቬቱ (የእንስሳት ሐኪሙ) አይቶት ቡቺ ላይ የተገኘው የውሻ ሳሉ ነበር፣ ይበላል ይጠጣል፣ እያደር ለቀቀው። ካርዱ የታለ ስል ግን "ቡችላ እያለ ተወግቷል መሰለኝ" ተባልኩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኛ ውጭ ያለነው ላሳደግነው ውሻ ለሳል እንኳን ቀጠሮ እንይዛለን፣ እናታችን በር ላይ የታሰረውን ግን ተከትቧል ወይ ብለን አንጠይቅም። አገር ቤትም ውሻ አሰልጣኝና ማቆያ ጋ የምትወስዱ የሳሉን ክትባት ቬታችሁን ጠይቁ፣ ጥሩ ነው፣ የእብድ ውሻው ግን ይቅደም። የሰፈር ውሾች ከ100 70ው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ውሻ መዞሩን ያቆማል ነው የሚባለው፣ ስለዚህ አንድ ጊቢ ብቻውን አይበቃም። የተነከሰ ወይ የተላሰ ቁስል ያለው ሰው ደሞ ቦታውን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዛው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ውሻው እስኪታይ ብሎ እንዳይቀመጥ።

ቡቺ ሳሉ ሲለቀው ተከተበ፣ ካርዱን አክስቴ በስልክ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ከጎረቤት ሁለቱ ውሾች ይቀራሉ፣ የነሱን እኔ እከፍላለሁ ብያታለሁ፣ ቅዳሜ ቬቱ እዛው ጊቢ ይመጣል።